ጋን ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አንድ መስመር ነው፤ ታሪኩ ግን ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ደብረ ብርሃን ያለው የአያቴ ቤት ተሸጠ። ወራሾቹ ብዙ ነን፣ ቤቱ አንድ፤ ተስማምተን ሸጠን ተካፈልን። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤቱን ስትጠብቅ የኖረችው እናቴ አዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው። እኔ ያለሁት በዕጣ በደረሰኝ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ስድስት ክፍል ቤት፣ ማድ ቤቱ፣ ጎተራው፣ የበጎቹ ጋጣና ሁለት ጽድ ያለበት ግቢ ተጣጥፎ አንዲት መኝታ ቤት ውስጥ መግባት አለበት።

ብዙው ዕቃ ባለቤት አግኝቷል። ቡፌው ለአክስቴ ልጅ፣ ሙቀጫውና ዘነዘናው ለጎረቤት ሄዱ፤ አልጋዎቹ ለቤቱ ገዢ ቀሩ። እናቴ መሶቧን፣ ረከቦቷንና ዳዊቷን ይዛ ትመጣለች፤ ስለ ሌላው አንድም ነገር አላለችም። ጋኑ ጋ ስንደርስ ግን እጇን ሆዱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ከዚያ በኋላ ዋጋውን የሚጠይቁኝን ሁሉ ሳልመልስላቸው አሰናበትኩ።

ጋኑ የእማማ ነው፤ አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ለጠላ ሲያገለግል ኖሮ አንድ የጥምቀት ሰሞን ከንፈሩ ተሸረፈና ከጓዳ ወጣ። እማማ ዕቃ መጣል አታውቅም፤ ከቤቱ ጥግ፣ ከአሸንዳው ሥር አቆመችው።

እንግዲህ ለእኛ ክረምት ማለት ያ ጋን ነበር። የማወራው ስለ 1970ዎቹ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባታችን አራታችንንም ከአውቶቡስ ተራ ያሳፍረናል። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን እናልፋለን። ሸኖ ላይ በመስኮት የተገዛው፣ በቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ እስክንደርስ ድረስ አውቶቡሱን ያውደዋል። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሐምሌ ላይ እሸት ገብስ በእሳት ለብልበን በመዳፋችን እያሸን እንበላለን። ቡሄ ላይ ጅራፍ፣ ሙልሙልና ችቦ ነው። ጳጉሜን 2፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ራቁታችንን ዝናብ ውስጥ እንሯሯጣለን።

ዋናው ግን ሌሊቱ ነው። አራታችን በአንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሥር፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ሆነን እንተኛለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ከአሸንዳው ጫፍ የመጀመሪያዋ ጠብታ ባዶው ጋን ውስጥ ትወድቃለች፤ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። እማማ በዚያ ጨለማ ከአልጋዋ ሳትነሣ ግማሽ ደረሰ ትላለች። ወንድሜ አላምንም ብሎ በእፍኝ ቆሎ ተወራረደና በማለዳ ወርዶ በዱላ ለካው። ቆሎውን ከፈለ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ለሁለት ሳምንት እኔ ጋ መጥታ ነበር። አንድ ሌሊት ቀስቅሳኝ ዝናቡ ለምን እንደቆመ ጠየቀችኝ። መጋረጃውን ገለጥኩላት፤ ውጭው ጎርፍ ነው። ከላያችን ኮንክሪት፣ ከኮንክሪቱ በላይ ሌላ ሰው፣ ከእሱም በላይ ጣሪያው ነው፤ የዝናብ ድምፅ እኛ ዘንድ አይደርስም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጋን ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል ወይ? ከወጣስ ምን ይሠራል?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም በመድረኩ ላይ ከጽሑፌ ሥር የተከተለው ውይይት፣ አርባ አንድ መልስ ላይ ደርሶ ቆሟል። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ስላቃታቸው፣ ጠያቂዋ እኔው ስለሆንኩ፣ በራሴ ቃል ልተርከው። የተሰዳደቡትን ስድባቸውን አስቀርቼ ሐሳባቸውን ብቻ ወስጃለሁ። አንዳንዱን ዘልዬዋለሁ፤ የተዘለለ የሚከፋው ካለ ይቅርታ።

መልስ 1። ዕቃ ማጓጓዝ ሥራው የሆነ ሰው ይመስለኛል፤ ምንም ሳያዝንልኝ ቁጥር ጠየቀ። የጋኑ ሆድ ስንት ነው፣ ቁመቱስ፣ ደረጃው መታጠፊያው ላይ ምን ያህል ይሰፋል? አንዱንም አልለካሁም ነበር። ለካሁ፦ ሆዱ 78 ሴንቲሜትር፣ ደረጃው ከብረቱ እስከ ግድግዳው 1 ሜትር ከ10። ሁለት ሰው ከያዘው ይወጣል ሲል ፈረደ፤ ነገር ግን ገመድ አንገቱ ላይ እንዳይታሰር፣ ሸክሙ ከሥር በጆንያ እንዲያዝ አስጠነቀቀ። በዚህ ብቻ ክሩ መዘጋት ይችል ነበር።

መልስ 2። ጣሉትና ሮቶ ግዙ የሚል ነው። ዛሬ ጠላ እንኳ የሚጠመቀው በፕላስቲክ በርሜል ነው ብሎናል። እውነቱን ነው፤ ጠላው ግን ይመሰክርበታል።

መልስ 3። ጀሞ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ከሰፊ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ ያለ የሌለ ዕቃቸውን ጭነው መጥተው ለሁለት ዓመት ያህል በሶፋና በቁም ሣጥን መካከል ጎናቸውን እያዞሩ ሲሄዱ እንደኖሩ አጫወቱን። በመጨረሻ ያደረጉትን ለእኔም መከሩኝ፦ ዕቃ ሲመረጥ ይህ ያምራል ወይ፣ ይህ ውድ ነው ወይ ተብሎ መጠየቅ የለበትም፤ እናትሽ በቀን ውስጥ እጇ የሚነካው የትኛውን ነው ተብሎ ነው። የቀረው ሁሉ አቧራ መሰብሰቢያ ነው አሉ። ለሦስት ቀን እናቴን ተከታትዬ የምትነካውን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ዕቃ ብቻ ነው። አንደኛው የበሩ መቀርቀሪያ ነበር።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንዲት ሴት በቀጥታ ወቀሰችኝ፦ ስለ ጋኑ መውጣት ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ እናቴ ጉልበት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጡረታ የወጣች ሴት ሦስት ፎቅ በቀን ስንት ጊዜ ትወጣለች? አንድ ጊዜ ከወጣች ለመውረድ ስለምትፈራ እንደታሰረች ትቀራለች፤ የእሷ እናት እንዲሁ ሆና ነበር። የራስሽን አከራይተሽ ምድር ቤት ተከራዪላት አለች። ተናድጄ ልመልስላት ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስጽፍ አመሸሁ። ክፋቱ፣ ልክ ነበረች።

መልስ 5። አራተኛዋን ደግፎ፣ ቤቱ በዕጣ ከወጣ አምስት ዓመት ካልሞላው መሸጥ ስለማይቻል ማከራየት ወይም መለዋወጥ ብቻ እንደሚቀረኝ አስረዳ። እዚያው ሰፈር ምድር ቤት ላይ ያሉ ወጣት ባልና ሚስቶች ካሉ፣ በመንገደኛው ጫጫታ ስለሚማረሩ ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋሉም አለ። ይህችን ሐሳብ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መልስ 6። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ቅዱስ ሩፋኤል ጳጉሜን 3 እንጂ 2 እንዳልሆነ አረመኝ፤ አክሎም ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሆነ የእኛ የልጅነት ክረምት ሲጀምርም ሲያልቅም ያለ ሥርዓት እንደነበር ቀለደ። ለእናቴ አነበብኩላት። በየዓመቱ ራሷ በዚያ ዝናብ ያጠመቀችኝን ቀን መሳሳቴ አሳፍሯት በማተቤ ላይ ቀለደችብኝ።

መልስ 7። እርሻ የተማረ ሰው ይመስለኛል፤ መማሩንም አልደበቀም። ደጋ ላይ ገብስ በክረምት ገና ቡቃያ ነው፣ እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ እሸት በላሁ ማለቴ ትዝታ የፈጠረው ነው ብሎ ደመደመ። ከተማ ያደገ ሰው ወሩን ከወሩ ይቀላቅላል የምትል ጭማሪም ነበረችው።

አርባ ዓመት ሙሉ በምላሴ ላይ የኖረ ጣዕም ሐሰት ነው ስባል የተሰማኝን መግለጽ አልችልም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱም ያስታውሳል፤ ግን እኔ ስለነገርኩት ይሁን በራሱ፣ እርግጠኛ አይደለም።

መልስ 8። መንዝ ያደገ ሰው ደረሰልኝ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁለት ዝናብ አለው፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከዚያ በኋላ ክረምት። በበልግ የተዘራ ገብስ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እሸቱ እውነት ነው። እንዲያውም በልጅነቱ በልግ የጠፋበት ዓመት ክረምቱን ምን ያህል ርኃብተኛ ያደርገው እንደነበር፣ እናቱ ክረምት ሲገባ ጎተራውን በመጥረጊያ ስትጠርግ ድምፁን መስማት እንደማይወድ ጻፈ። ለእኔ የቡሄ ሙልሙል የሆነው ክረምት ለእሱ የጎተራ ወለል ነበር።

መልስ 9 እና 10። ሰባተኛው ተመልሶ በልግማ በከፍታዎቹ ላይ እንጂ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳው ላይ አይደለም ሲል ተከራከረ። ገብሱን ያመጣው አጎታችን ከጣርማበር በኩል በአህያ ይመጣ እንደነበር ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ይቅርታም አልጠየቀም።

መልስ 11። ከዱባይ የተጻፈ ነው፤ የክሩ ስለታም መልስ ይኸው ነበር። ለሁለት ሰው ሁለት መኝታ ቤት ጠበበን ብሎ ማልቀስ ምን ማለት ነው አለች። እሷ የምትተኛው ከአምስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ የእሷ የሆነ ቦታ ፍራሹና ከፍራሹ ሥር ያለው ሻንጣ ብቻ ነው። ለአንድ ስብርባሪ ጋን ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ችግር አያውቅም ብላ ዘጋችው።

መልስ 12 አጸያፊ ስለነበር እዚህ አይገባም። እኔ ራሴ ሰውየውን ገሠጽኩት።

መልስ 13። የዱባይዋ ተመለሰች፤ በለሰለሰ ድምፅ። ወሎ፣ ገጠር ነው ያደገችው፤ ቤታቸው ሣር ክዳን ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ እናቷ በልቧ ስለምታውቀው፣ ልጆቹ የሚተኙበትን እንደ ዝናቡ አነፋፈስ ታዘዋውራቸው ነበር። ዱባይ ሄዳ መጀመሪያ የላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ ተገዛበት። ጣሪያው ከለበሰ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ዝናብ ሲመታው አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም፣ አልተመለሰችማ። አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ወንድሟ ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ይዞላት ነበር። የሰማችው እንደሚቃጠል ዘይት ያለ ጫጫታ ብቻ ነው፤ ከዚያም ሒሳቡ አለቀ።

ለዚህ መልስ ማንም ወዲያው አልጻፈም። በመድረኩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው።

ከመልስ 14 እስከ 20። ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንድ ሰው የአባት ቤት መሸጥ አጥንት መሸጥ ነው፣ ሙት ይወቅሳል ብሎ ጀመረ። ሌላው ስለ መሸጥ የሚያወራ ሰው ስለ መነጠቅ ይስማ ብሎ የቤተሰቡን ታሪክ አመጣ፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አባቱ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ተወረሰ። ያ ቤት ከተማ ዳር፣ ጓሮው ወንዝ የሆነ፣ ልጆቹ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ነበር። በዚያው ክረምት የሌላ ሰው ልብስ በእነሱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየ።

አሥራ ስድስተኛው ቀበሌ ቤት ውስጥ የተወለደ ነው፤ ነገሩ ቆጨው። ያ የተሰጣው ልብስ የእናቴ ሊሆን ይችል ነበር አለ። ዘጠኝ ሆነው በአንድ ክፍል አድገዋል፤ ክረምት ማለት ለእነሱ የጋራው ሽንት ቤት ሞልቶ ግቢው ውስጥ የሚፈስበት ጊዜ ነው። ለአንዱ የተነጠቀ ጓሮ፣ ለሌላው የመጀመሪያ ጣሪያ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ሃያኛው ድረስ ስለ ጋን አንድም ቃል የለም። የተጣላኸው ከአዋጁ ነው ወይስ ከእኔ፣ የሚል ክርክር ነው። አንድ ጠንቃቃ ሰው ብቻ መሐል ገብቶ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንደተሰጡ አስተካከለ። ማንም አላመሰገነውም፤ እኔ ላመስግነው።

መልስ 21። ሁላችሁም ተረጋጉ፣ ደብረ ብርሃን እኮ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አይተው የቆረቆሯት ከተማ ናት ብሎ ስለ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ረጅም ጽሑፍ አስገባ። ከጋን ተነሥቶ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ላይ ለመድረስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የፈጀበት። ጠቡን ግን በእርግጥ አበረደው።

መልስ 22። ጋኑን በመፍጫ ማሽን አጋማሹ ላይ ቆርጦ አበባ መትከል፤ የሆቴል መግቢያ ላይ አይቶ ወዶታል።

መልስ 23። ለሃያ ሁለተኛው የተሰጠ ነው፤ ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚለውን ተረት ወረወረበት። ስለ አበባው ይሁን ስለ ኮንዶሚኒየሙ ግልጽ አይደለም። ሁለቱንም ተቀይመናል።

መልስ 24። ነታንያ፣ እስራኤል የምትኖር ሴት ናት። ይህንን መልስ አሳጥሬ ልተርከው አልፈልግም።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው የተወለደችው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤላዊ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወጣ እሷም ልጅ ሆና ከመካከላቸው ነበረች። ዕቃ መያዝ አልተፈቀደም፤ የእናቷ እጅ ከነበረበት ነገር አንድም አልወጣም። እኛ ስድስት ክፍል ወደ አንድ ክፍል አጠፍን ብዬ የጻፍኩትን ጠቅሳ፣ እነሱ ግን ቤታቸውን ጠቅላላ ወደ አንድ ቀሚስ እንዳጠፉ ጻፈች። ይህንን ያለ ምሬት ነው ያለችው፤ ልክ እንደ መጠን።

ከዚያ ስለ ጋን አስተማረችን። ጭቃው ከተፈጨ ገል ጋር ይለወሳል፤ አለዚያ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል። ጋን በአንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም፤ ታችኛው ጠንከር እስኪል ተጠብቆ ነው የላይኛው የሚቀጠልበት፣ ካልሆነ ሆዱ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ በኩበት ይተኮሳል። ክረምት ግን እናቷ ሥራ ትፈታ ነበር፤ ሸክላው አይደርቅምና። ስለዚህ ለእሷ ክረምት የእናቷ እጅ ንጹሕ የሚሆንበት ወር ነው። በሌላው ጊዜ ፀጉሯን ስትሠራት ጭቃ ይሸታታል፤ ክረምት ላይ ቅቤ።

ደግሞም አንዲት ነገር ጣል አደረገች። በገበያ ቀን እናቷ የሠራችውን ጋን ሰዎች ተሸክመውት ይሄዳሉ፣ ከእሱ የወጣውን ጠላ በሠርጋቸው ላይ ይጠጣሉ፤ እጇን ግን አይጨብጡም ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባል ስለነበር። የእማማን ጋን ማን እንደ ሠራው ታውቂያለሽ ወይ ስትል ጠየቀችኝ።

እናቴን ጠየቅኳት። የተገዛበትን ገበያ፣ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው፣ በሠርጓ ጊዜ ስንት እንግዳ እንዳጠጣ ታውቃለች። የሠሪዋን ስም አታውቅም። ማንም አልጠየቀምና።

በመጨረሻ ምክር ሰጠች፦ አትቁረጪው። በጣትሽ መገጣጠሚያ ሆዱን ኳ ኳ አድርጊና ስሚ፤ ከጮኸ ጤነኛ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቋል። ከንፈሩ መሸረፉ ምንም አይደለም። ጠላ ካማረሽ በግራዋ እጠቢውና በወይራ አጥኚው። ኳ ኳ አደረግሁት። ይጮኻል።

መልስ 25 ይህንኑ ሥራ ዛሬም ቀጨኔ ያሉ ሴቶች እንደሚሠሩ አስታወሰ። መልስ 26 ግራዋው ስንት ጊዜ መደገም እንዳለበት ጠየቀ፤ እስከ 30 ድረስ ስለ ጠላ ነው፣ በመሐሉ አንድ ሰው ስለ ደብረ ብርሃን አረቄ የተናገረውን ብተርከው እናቴ ትታዘበኛለች።

መልስ 31። ከቨርጂኒያ ነው። ልጆቹ አድገው ወጡ፤ ከሚስቱ ጋር ቤታቸውን ሸጠው ወደ አፓርታማ ገቡ። ዕቃ ሲያወጡ አንድ ግራጫ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከሻንጣ ሥር ተገኘ፤ ከአገር ሲወጣ እናቱ በግድ የጨመረችበት። እዚያ ማሞቂያ ስላለ ሃያ ስድስት ዓመት አልተገለጠም። ልጁ ያሳክካል ብሎ ሊጥለው ሲል አባትየው ተቆጣ። ለምን እንደተቆጣ ማስረዳት ግን በእንግሊዝኛ አልቻለም፤ በአማርኛ ደግሞ ልጁ አይሰማም።

መልስ 32። ከካዛንቺስ ተነሥቶ ከተማ ዳር የተሰጠው ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ነው። ቤቱ ከድሮው አይከፋም፤ ቧንቧው ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱ የራሱ ነው። የጠበበው ቤቱ ሳይሆን ሰው ነው አለ፤ እድሩ ተበታትኖ የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል ሦስት ሰው ብቻ ተገኘ። ጋኑን ቤት ውስጥ አትደብቂው፣ ለማረድና እንጀራ ለመጋገር ከተሠራው የጋራ ቤት ጣሪያ ሥር አቁሚው፣ ቆርቆሮም ነው ሲል መከረ።

መልስ 33። የአንድ ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ ያለ ሰው ወዲያው ተነሣ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ማንም ተነሥቶ ጋን አያቆምበትም፤ ዛሬ ጋን፣ ነገ የበግ ጋጣ ይሆናል። በጽሑፍ ይጠየቅ አለ። እንዲህ ያለ ሰው በየሕንፃው አለ፤ እሱ ባይኖር ደግሞ ደረጃው አይጠረግም።

መልስ 34 የወባ ትንኝን ነገር አነሣ፤ 35 ክዳን ይደረግለት አለ፤ 36 ክዳን ከተደረገለት ዝናቡ በምን ይገባል ሲል ሳቀ።

መልስ 37 የእኔ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አምስተኛው እንዳለው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ላይ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ መስኮታቸው ሥር ልጆች ኳስ ስለሚጫወቱ ተማርረዋል። ኪራይ ሳንጠያየቅ ተለዋወጥን፤ እነሱ ወደ ሦስተኛ ወጡ፣ እኛ ወረድን። ለኮሚቴው ማመልከቻ ጻፍኩ። እስከ መስከረም ድረስ፣ በራሴ ኃላፊነት፣ የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠኝ። የእማማ ጋን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አገኘ።

መጀመሪያ ከጣሪያ ከሚወርደው ቱቦ ሥር አቆምነው። አልሆነም፤ የአራት ፎቅ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ጠብታ የለውም፣ ያገሣል፣ በሩብ ሰዓት ሞልቶ ፈሰሰ። እናቴ ይሄማ ቦቴ ነው ብላ ገባች። በማግስቱ ከመስኮታችን በላይ ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ጫፍ ሥር አዞርነው። የኳሶቹ ጌቶች አገዙን፤ ከዚያ አንድ በአንድ አንገታቸውን አስገብተው ስማቸውን ጮኹበት። ሰብሳቢው ከላይ ሆኖ አየን፣ አልተናገረም።

የነሐሴ 4 ለሊት ዘነበ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ነቅቼ ጠበቅሁ፤ ወፍራሟ ጠብታ ወደቀች፣ ቆይታ ሌላ። ከዚያኛው ክፍል እናቴ መንቃቷን አላወቅሁም ነበር። ገና ነው አለች።

መልስ 38፣ 39 እና 40 እልልታ፣ ምርቃትና የሸኖ ቅቤ የዘንድሮ ዋጋ ጥያቄ ናቸው። የዱባይዋ ልጅ አንድም ቃል ሳትጽፍ 37ን ወደድኩት የሚለውን ምልክት ተጭናለች።

መልስ 41። ምንም እንዳላነበበ የሚያስታውቅ ሰው ነው፦ ጋኑ ይሸጣል ወይ፣ ስንት ሊትር ይይዛል? ሁለተኛውን ለእናቴ አስተላለፍኩላት። ሦስት እንስራና አንድ ማሰሮ አለች። እንስራው ወደ ሊትር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ቤት ውስጥ እንስራ ፈለግሁ፤ ከዕቃው ጋር ለጎረቤት ሰጥተነዋል። የመጀመሪያውን ብቻ መለስኩለት።